ልጄ ካካዋን ይዛ ትውላለች፣ ፖፖ ስታይ ትሸሻለች፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ባለፈው ሐምሌ ልጄ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሲሆናት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጽፎበታል፤ አዲስ የሚገቡ ወላጆችም ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬንና የተከተሉትን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው እዚህ አንድ ላይ አስቀምጫለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ሐሳባቸውን ግን ሳላዛባ ለማቅረብ ጥሬያለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ፦ ነገሩ የጀመረው በጉንፋን ነው። ልጄ ትኩሳት ይዟት ምግብም ውኃም እምቢ ብላ ሰነበተች፤ በአምስተኛው ቀን የወጣላት ሰገራ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ላዩ ላይ ቀይ የደም መስመር ያለበት ነበር። ያን ቀን የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት ድረስ ተሰማ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ዳይፐር አስወልቀናት ነበር፤ ያስመዘገብናት መዋዕለ ሕፃናት ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ አልቀበልም ስላለን መስከረም ሳይጠባ ፖፖ ማስለመድ ነበረብን። ከዚያ ወዲህ ካካዋ ሲመጣ ሳሎን ካለው መጋረጃ ጀርባ ትገባለች። በእግሯ ጣቶች ትቆማለች፤ ጉልበቷን ገትራ ጭኖቿን ታጣብቃለች፤ የሶፋውን ጠርዝ የጨበጡት ጣቶቿ ደም እስኪለቃቸው ይነጣሉ፤ አፍንጫዋ ላይ ላብ ችፍ ይላል። እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ አይዞሽ፣ ግፊ እያልኩ አበረታታታለሁ። ጥቂት ቆይቶ ያልፍላትና ምንም እንዳልሆነች ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። እንዲህ እያለች አምስት ስድስት ቀን ትቆያለች። ፖፖውንማ ማየትም አትፈልግ፤ አንድ ቀን አልጋ ሥር ገፍታ ደብቃው አገኘሁት። ከረሜላ አሳይተናታል፤ ተቆጥተናታል፤ አባቷም አንድ ምሽት ሩብ ሰዓት ያህል ፖፖው ላይ አጥብቆ ይዟት ቆይቷል፤ ያን ምሽት ከእሷ እኩል አልቅሻለሁ። ሆዷን ላለስልስ ወይስ ፖፖውን ላስለምድ? የቱ ይቅደም? ስል ጠየቅሁ።

ምላሽ 1፦ መጀመሪያ የጻፈችልኝ የሦስት ልጆች እናት ናት። የበኩር ልጇ በዚሁ ዕድሜው ልክ እንዲህ ሆኖባት እንደነበረ ነገረችኝና ከሁሉ በፊት ልጄ በቀን ምን ያህል ወተትና ምን ያህል ውኃ እንደምትጠጣ በትሕትና ጠየቀችኝ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት የበሰለ ፓፓያ እንዳበላት፣ ተልባም ቆልቼና ወቅጬ በውኃ ከበጠበጥኩ በኋላ አጥልዬ እንዳጠጣት መከረችኝ።

ምላሽ 2፦ ቀጥለው የጻፉት የልጅ ልጆች ያሳደጉ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሳሙና በቀጭኑ ተቀርጾ፣ ዘይት ነክቶ ከኋላዋ ቢገባ ወዲያው እንደሚያስወጣት፣ ልጆቻቸው ሆዳቸው ሲደርቅ ሁሉ ይህንኑ ያደርጉ እንደነበረና አንዳቸውም እንዳልተጎዱ ጻፉ፤ ምርቃታቸውንም አስከተሉ።

ምላሽ 3፦ በሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ ለእናታችን ያላትን አክብሮት አስቀድማ ምክራቸውን ግን ተቃወመች። ሳሙና የአንጀትን ስስ ሽፋን እንደሚያቃጥልና እንደሚያቆስል አስረዳች፤ ፍርሃቷ ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ያረፈ ሕፃን ደግሞ በግድ ተይዛ አንድ ነገር ሲገባባት ፍርሃቷ እጥፍ እንደሚሆን ጨመረች። ከዚያም እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር ጻፈች። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ የምታደርገው ማማጥ አይደለም፤ መያዝ ነው። በጣት መቆሙ፣ ጭን ማጣበቁ፣ መደበቁ ሁሉ እንዳይወጣባት የምትታገለው ትግል ነው። አንድ ጊዜ አሟታልና ድጋሚ እንዳያማት ትይዘዋለች፤ ትልቁ አንጀት ግን የያዘውን ሰገራ ውኃ መምጠጡን ስለማያቆም በቆየ ቁጥር ይደርቃል፣ ይገዝፋል፤ በመጨረሻ ሲወጣም የፈራችውን ሕመም እውነት ያደርግባታል፤ እሷም በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ አጥብቃ ትይዛለች። ይህ አዙሪት እስካልተበጠሰ ድረስ ፖፖ ማስለመድ እንደማይቻል ደመደመች።

ይህን ሳነብ ክው አልኩ። ልጄ እንዳይወጣባት ስትታገል እኔ ግፊ እያልኩ አጠገቧ ተንበርክኬ ነበር የከረምኩት።

ምላሽ 4፦ አራተኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወተቱን በጡጦ ቀን ሦስቴ፣ ማታ ደግሞ አንዴ እንደምትጠጣ፣ ሲደመር ወደ አንድ ሊትር እንደሚጠጋ፣ ውኃ ግን ከአንድ ሲኒ የማትዘል መሆኑን፣ ከምግብ ፓስታ፣ እንቁላልና ሙዝ እንደምትወድ፣ እንጀራ ግን ሁለት ሦስት ጉርሻ ቀምሳ እንደምትተወው ሳልሸሽግ ዘረዘርኩ። ምላሽ 1ን የጻፈችው እናት ወዲያው ተመልሳ ለዚህ ዕድሜ የሚበቃው ወተት ግማሽ ሊትር ገደማ መሆኑን፣ ከዚያ ሲያልፍ ሆድ እየሞላ ሌላውን ምግብ እንደሚያስቀር አስታወሰችኝ። ይህ መልእክቷ በምላሽ 4 ሥር ስለገባ የራሱ ቁጥር የለውም።

ምላሽ 5፦ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አባት ረዘም ያለ ታሪክ አካፈለ። ሐኪሙ ለልጁ በውኃ የሚበጠበጥ፣ ጣዕም የሌለው የፖሊኢትሊን ግላይኮል ዱቄት አዞለት ልጁ በሳምንቱ ተሻለው፤ እነሱም ዳነ ብለው አቆሙ። በአሥር ቀን ተመለሰበት። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ተሻለው፣ እንደገና አቆሙ። በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሙ ከእሱና ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ መድኃኒቱ ካካውን ከማለስለስ ያለፈ ሥራ እንዳለው አስረዳቸው፦ ልጁ ካካ ማለት ሕመም ነው የሚለውን ትዝታ እስኪረሳ ድረስ በየቀኑ ሳያመው እንዲወጣለት ማድረግ አለበት፤ ይህ ደግሞ የሳምንት ሳይሆን የወራት ጉዳይ ነው። አባትየው ሌላም ስሕተት አመነ። ልጁ ሱሪው ላይ ቀጭን ሰገራ ሲያፈስ ተቅማጥ የያዘው መስሏቸው ሆድ የሚያሲዝ ምግብ፣ ሩዝና ሙዝ ብቻ እየሰጡ ነበር፤ ለካስ በአንጀቱ ውስጥ የተጋገረውን ሰገራ በጎን እያለፈ የሚወጣ ፈሳሽ ነው።

ምላሽ 6፦ ስድስተኛው ጸሐፊ ቃሉን አላለዘበም። ልጆች በሶ እየበሉ ሜዳ ላይ ሲሮጡ ያደጉበት ዘመን ይህን በሽታ እንደማያውቀው፣ ምላሽ 5 ያወደሰው ዱቄት መኪና ራዲያተር ውስጥ ከሚጨመረው ፈሳሽ እንደሚሠራ መስማቱን፣ ለሕፃን በየቀኑ መድኃኒት ማጠጣት በደል መሆኑን ጻፈ። ችግሩ የልጅቷ ሆድ ሳይሆን ልጅ መቅጣት ያቃታቸው የዛሬ እናቶች ናቸው ሲልም ጨመረ።

ምላሽ 7፦ አንድ ፋርማሲስት ስለ እናቶች የተባለውን አልፎ ስለ መድኃኒቱ ብቻ መለሰ። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኢትሊን ግላይኮል መርዝ መሆኑን አረጋግጦ፣ ሐኪም የሚያዘው ፖሊኢትሊን ግላይኮል ግን በስም ይቅረብ እንጂ በጠባዩ ሌላ ነገር እንደሆነ፣ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው መጠን እጅግ ጥቂት መሆኑንና ሥራው ውኃ ይዞ ሰገራውን ማራስ ብቻ እንደሆነ አብራራ። አሜሪካ ውስጥ ሚራላክስ በሚል የንግድ ስም ያለ ማዘዣ በሚሸጠው ዕቃ ላይ ዕድሜያቸው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተብሎ መጻፉ ወላጆችን እንደሚያስፈራ አልካደም፤ ሕፃን መውሰድ ያለበትም ሐኪም መርምሮ በክብደቱ ልክ መጠኑን ሲወስንለት እንደሆነ አጠበቀ። ላክቱሎስ የተባለው ሽሮፕ ደግሞ አንጀት የማይፈጨው ስኳር ሆኖ በተመሳሳይ መንገድ ውኃ ስቦ እንደሚያለሰልስ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ሆድ ሊነፋና ጋዝ ሊያበዛ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ቁጣን በዕውቀት የመለሰበት መንገድ የክሩን ጠባይ ለጊዜው አሳመረው።

ምላሽ 8፦ ሌላ አባት ስድስተኛው ጸሐፊ ስለ እናቶች ያለውን ነቅፎ ስለ ቀድሞው አኗኗር ያለው ግን አንድ እውነት እንዳለበት ተከራከረ። ሰው ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የአንጀቱ መጨረሻ ላይ ያለው መታጠፊያ ይቃናና ሰገራ ያለ ብዙ ግፊት ይወርዳል። በአዋቂ መቀመጫ ላይ የተሰቀለ ሕፃን ግን እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚረግጠው ነገር የለውምና ሊገፋ አይችልም፤ ቀዳዳው ውስጥ እንዳይወድቅ በእጁ ተደግፎ መላ ሰውነቱን ያጠነክራል። ስለዚህ በመቀመጫ የምንጠቀም ከሆነ ከእግሯ ሥር በርጩማ እንድናደርግ፣ ከዚያም የሚሻለው መሬት ላይ የሚቀመጠው ፖፖ እንደሆነ መከረ።

ምላሽ 9፦ ዱባይ የምትኖር እናት የልጇ ፍርሃት ከሕመም ሳይሆን ከድምፅ እንደጀመረ ጻፈች። በአንድ የገበያ አዳራሽ ሽንት ቤት ውስጥ ልጁ ገና ተቀምጦ ሳለ ውኃው በራሱ ጊዜ ተለቆ ሲያጓራ ደንግጦ ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷም ከቤት ስትወጣ ውኃውን በራሱ በሚያስለቅቀው ሴንሰር ላይ የምትለጥፈው ቁራጭ ወረቀት መያዝ ጀመረች፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ውኃውን ልጁ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ትለቅ ነበር። ኋላ ላይ ራሱ ደፍሮ ቁልፉን ተጭኖ ካካውን ቻው ብሎ መሸኘት ለመደ።

ምላሽ 10፦ በመዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር ሴት ልጄ በዕድሜዋ እንዳልዘገየች አጽናናችኝ፤ ብዙ ልጆች ዳይፐር የሚተዉት በሁለትና በሦስት ዓመት መካከል እንደሆነ፣ ከዚያ የሚያልፉም ጥቂት እንዳልሆኑ፣ ምዝገባ ሲደርስ ተጣድፈው የሚያስለምዱ ወላጆች ልጆች በመስከረም ክፍል ውስጥ ይዘው እንደሚውሉ በዓይኗ ማየቷን ጻፈች።

ምላሽ 11 እስከ 14፦ እነዚህ አራቱ ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ የዳይፐር ዋጋ ከወር ወር እየናረ መሆኑን፣ ሌላዋ ትምህርት ቤቶች ክፍያ እየተቀበሉ ሞግዚት ቀጥረው ልጅ ማጠብ ለምን እንደሚጠየፉ፣ ሦስተኛው ደግሞ አስተማሪዋ ራሷ የዚያ አሠራር አካል ሆና ሳለ መውቀሷን አነሱ። አስተማሪዋ በ14ኛው ላይ ሥርዓቱን ያወጣችው እሷ እንዳልሆነች በተሰበረ ስሜት መለሰች። ሰው በቅንነት ለመርዳት ብሎ በጻፈው እንዲህ መያዝ አልነበረበትም፤ ያኔም ጽፌዋለሁ፤ አሁንም እደግመዋለሁ።

ምላሽ 15፦ ነርሷ ተመልሳ ክሩን ወደ ቦታው አመጣችው። አዲስ የሚገባ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ ያለበት ይህን ይመስለኛል። አብዛኛው የልጆች ሆድ ድርቀት ከስር ሌላ በሽታ እንደሌለው፣ ነገር ግን ችግሩ ከተወለደ በመጀመሪያው ወር የጀመረ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥቁር ሰገራ ከተወለደ ከ48 ሰዓት በኋላ የወጣ ከሆነ፣ ሆዱ ተነፍቶ አረንጓዴ የሚያስታውክ ከሆነ፣ ክብደት የማይጨምር ከሆነ፣ እግሮቹ የሚዝሉ ወይም አረማመዱ የተለወጠ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ደም በብዛት ከወጣው ቤት ውስጥ ምንም ሳይሞከር ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት አስረግጣ ጻፈች። በሰገራው ላይ የሚታይ ቀጭን የደም መስመር ብዙውን ጊዜ በድርቀቱ ከተሰነጠቀው የፊንጢጣ ቆዳ እንደሚመጣ፣ እሱም ቢሆን መታየት እንዳለበት ጨመረች። ወላጆች የሰገራውን መልክ ለሐኪም መግለጽ ስለሚቸገሩ በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ ተዘጋጅቶ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሰባት መልኮች ሠንጠረዥ ጠቀሰች፤ የመጀመሪያው እንደ ፍየል በጠጥ የተበታተነና የጠጠረ፣ ሰባተኛው ፍጹም ፈሳሽ ሲሆን፣ የምንፈልገው መሃል ላይ ያለውን ለስላሳውን ነው።

ስለ ሕክምናው ቅደም ተከተል ስትጽፍ ደግሞ መጀመሪያ የተጋገረው እንዲወጣ እንደሚደረግ፣ ቀጥሎ በየቀኑ ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ እንደሚጠበቅ ገለጸች። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2014 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መመሪያ መሠረት ማለስለሻው ቢያንስ ሁለት ወር እንደሚቀጥል፣ ምልክቶቹ ሁሉ ጠፍተው አንድ ወር ሳይሞላ እንደማይቆም፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ፣ ፖፖ በመልመድ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ለምዶ እስኪጨርስ ድረስ እንደማይቋረጥበት ጻፈች። ከዚያም ከሁሉ ይልቅ የከበደኝን ምክር ሰጠች፦ ለጊዜው ዳይፐሩን መልሱላት። ካካዋ የትም ይውጣ፣ ብቻ ሳያማት ይውጣ።

ምላሽ 16፦ ይህን የጻፈው አባት ለመጻፍ ብዙ እንዳመነታ ተናግሯል። ልጁ ስድስት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ሲገባ ሱሪው ላይ ያመልጠው ነበር፤ እሱም ስንፍናና ንቀት መስሎት ይገርፈው ነበር። ልጁ የቆሸሸ የውስጥ ሱሪውን ቁም ሣጥን ጀርባ ይደብቅ ጀመር። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ለዓመታት በመያዝ የተለጠጠ አንጀት መሙላቱን እንደማያሳውቅ፣ ልጁ ሲያመልጠው እንደማይሰማው ተነገራቸው። አባትየው ልጁን የመታው ልጁ ባላወቀው፣ ሊያቆመውም በማይችለው ነገር መሆኑን የተረዳው ያን ዕለት ነው። ዛሬ ልጁ ድኗል፤ አባትየው ግን ቁም ሣጥኑን በከፈተ ቁጥር ያ ነገር እንደሚመጣበት ጻፈ። ከዚህ ምላሽ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

ምላሽ 17፦ ዝምታውን የሰበረው ስድስተኛው ጸሐፊ ነው፤ አቋሙንም አልለወጠም። ፍርሃት የመቀበጥ ልጅ እንደሆነና ቆፍጠን ያለ ወላጅ በሁለት ቀን እንደሚያስለምድ ደገመ።

ምላሽ 18፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት መልስ ስለታም ነበር። ምላሽ 16ን አንብቦ ሲያበቃ ይህን የሚጽፍ ሰው ልጅ ይኑረው አይኑረው እንደሚጠራጠር፣ ሕመም የያዘውን ልጅ በቁጣ ማስፈራራት ቁስል ላይ ጨው መነስነስ መሆኑን ጻፈ።

ምላሽ 19፦ በዚህ መካከል ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። በምላሽ 2 የሳሙናውን ምክር የሰጡት እናት ተመለሱ። ስለ ሳሙናው ነርሷ ያለችውን እንደተቀበሉ፣ በእሳቸው ዘመን የሚያስተምራቸው ሰው እንዳልነበረ ገልጸው አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ ልጅቷ ስትቀመጥ ቤተሰቡ ሁሉ ከቧት ይቆማል ወይ? ድሮ ልጅ ጓሮ ሄዶ ቁጢጥ ሲል ማንም አያየውም፤ ወጣ አልወጣ ብሎ የሚጠብቀውም የለም። የዛሬ ልጅ ግን አያት፣ አባት፣ ሠራተኛ አፍ አፏን እያዩ እንዴት ይወጣላታል? አጠገቧ ሁኚ፣ ዓይንሽን ግን ሥራሽ ላይ አድርጊ ብለው መከሩኝ። በክሩ ውስጥ ከተሰጡት ምክሮች ሁሉ ወደ ልጄ ልብ የገባው ይህ ነው።

ምላሽ 20 እና 21፦ እስራኤል ውስጥ የምትኖር እናት የልጇ ድርቀት በማለስለሻ አልበገር ሲል ሐኪሙ የላም ወተትና የወተት ተዋጽኦ ለአራት ሳምንት አስቁሞት ለውጥ ማየቷን ጻፈች። ነርሷ ይህ ለተወሰኑ ልጆች እውነት መሆኑን አረጋግጣ፣ ወተት ፈጽሞ ማቆም ግን በሐኪም ክትትል ብቻ እንጂ በወላጅ ውሳኔ መሆን እንደሌለበት አሳሰበች።

ምላሽ 22፦ ስለ ምግብ የመጣው ብዙ ነው፤ ሁሉን አልዘረዝረውም። ፓፓያ፣ ብርቱካን ከነሥጋው፣ አቮካዶ፣ የጤፍ እንጀራ፣ ቅንጬ፣ ምስርና ጎመን ተወድሰዋል። ፋርማሲስቱ ግን ምግብ ድርቀቱ ዳግም እንዳይመጣ እንደሚያግዝ፣ የተጋገረውን ለማውጣት ግን ብቻውን እንደማይበቃ ተናግሮ፣ ተልባ ያለ በቂ ውኃ ከተሰጠ ጭራሽ ሊያባብስ እንደሚችል አስጠነቀቀ። የጉሎ ዘይትና ሰናመኪ ለሕፃን በቤት ግምት እንዳይሰጡ፣ ቅቤ ወይም ዘይት በግድ አፍ ውስጥ ማንቆርቆር ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል፣ ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በምንም መልኩ እንደማይሰጥ ጻፈ።

ምላሽ 23፦ ይህ የእኔ ነው፤ ከተጻፈ ጊዜው ሆኗል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ልጄን የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ እጇን አሙቃ ሆዷን ስትዳስስ በግራ በኩል ከታች አንድ ጠጣር ነገር አገኘች፤ የእኔንም እጅ ወስዳ አስነካችኝ። በልጄ ሆድ ውስጥ እንዲያ ያለ ነገር ተሸክማ ስትጫወት መክረሟን ሳስብ አንጀቴ ተላወሰ። ቆዳዋም ትንሽ ተሰንጥቆ ነበር። ላክቱሎስ በኪሎዋ ልክ ታዘዘላት፤ መጀመሪያ ከፍ ባለ መጠን፣ ኋላ ዝቅ ብሎ። ፋርማሲስቱ እንዳለው በመጀመሪያው ሳምንት ሆዷ ተነፋ፤ ከዚያ ተስተካከለ። ወተቱን በጡጦ መስጠት ትቼ በኩባያ አደረግሁት፤ በሁለት ሳምንት ከግማሽ በታች ወረደ። ዳይፐሩንም መለስኩላት። መዋዕለ ሕፃናቱን ለአንድ ዓመት አቆየነው፤ ባለቤቴ መጀመሪያ ቢከፋውም ምላሽ 16ን ካነበበ በኋላ ስለ ጉዳዩ ድጋሚ አላነሳም።

ፍርሃቱን ያስለቀቅነው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ዳይፐሯን እንዳደረገች ከመጋረጃው ጀርባ ወደ ሽንት ቤቱ በር እንድትሻገር ብቻ ጠየቅኋት። ቀጥሎ ልብሷን ሳታወልቅ ፖፖው ላይ ተቀምጣ ተረት ሰማች። ከዚያ ዳይፐሯን እንዳደረገች ፖፖው ላይ ካካ አለች። ከዚያ የዳይፐሩን ታች በመቀስ ቀደድኩት፤ እሷ ወገቧ ላይ መኖሩ ይበቃታል። ጊዜውን ከቁርስና ከእራት በኋላ አደረግነው፤ ምግብ ሲገባ አንጀት ስለሚንቀሳቀስ ያኔ ቀላል ነው፤ ከአሥር ደቂቃም አይበልጥም። ፊኛ እንድትነፋ እሰጣታለሁ፤ ስትነፋ ሆዷ ሳታውቀው ይገፋል።

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት ቁርስ ከበላን በኋላ ፖፖው ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ከጎኗ በርጩማ ላይ ሆኜ ሰፌድ ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር እለቅማለሁ። ዳይፐሩን ራሷ አልፈልግም ብላ ጥላዋለች። ቀና ብዬ አላየኋትም። ፊኛውን አንዴ ነፋች፣ ሁለቴ ነፋች፤ ከዚያ ፊኛው ከእጇ አመለጠና እየተንፏፏ ግድግዳውን መታ፤ ከሥሯም ጠብ ሲል ሰማሁ። እጄ ምስሩ ላይ ቀረ። ብድግ ብላ ጎንበስ አለችና ፖፖው ውስጥ ያለውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እንዳላመማት ነገረችኝ። ማንም ያልሰማውን ወሬ እንደምታበስር ሆና ነው የነገረችኝ።

መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። ለእንቁጣጣሽ ወደ ክፍለ ሀገር ስንሄድ ሽሮፑን ቤት ረስቼ አራት ቀን አለፈ፤ ምላሽ 5 ያስጠነቀቀኝን እያወቅሁ አራት ቀን ምን ያመጣል ብዬ ተዘናጋሁ። በስድስተኛው ቀን አያቷ ቤት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ በጣቶቿ ቆማ አገኘኋት። ለሐኪሟ ደወልኩ፤ በነገረችኝ መጠን እንደገና ጀመርን፤ ወደ ፖፖው ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀባት።

ምላሽ 24 እስከ 26፦ የደስታና የምርቃት መልእክቶች ናቸው፤ በምላሽ 2 የጻፉት እናትም አሉበት። ነርሷ ሽሮፑን በራሴ እንዳላቋርጥ ድጋሚ አሳሰበችኝ። ስድስተኛው ጸሐፊ አልተመለሰም።

ምላሽ 27፦ ትናንት አንዲት አዲስ እናት የአራት ዓመት ልጇ ለስምንት ቀን እንዳልወጣለትና ከዚያው ቀን ጠዋት ጀምሮ እንደሚያስታውከው ጽፋ ምን እንድታበላው ጠየቀች። ምግቡን ትታ፣ ምላሽ 15ንም እስክታነብ ሳትጠብቅ፣ ልጁን ይዛ አሁኑኑ ወደ ሕክምና እንድትሄድ ጻፍኩላት። ማታ ላይ ሐኪም ቤት ተኝቶ እየታከመ መሆኑን አሳወቀችን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እየጠበቅን ነው።